የመናኸሪያው ማሽን ሐኪም

ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሌላው አንዴ ተምሮት ነው የሚንጠባረረው። ከዚያ በኋላ እኔና ትምህርት ቤቱ በሰላም ተለያየን፤ የኬብል ጥቅልል ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ የከተማ አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያ ውስጥ ሥራ ገባሁ። ዛሬ እዚያ ግቢ ውስጥ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቅ የለም። ከኃላፊዋ እስከ ዘበኛው ሁሉም የሚጠራኝ «ሐኪሙ» እያለ ነው።

ስሙን እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም።

መናኸሪያው አንድ ሰርቨር አለው። ከትኬት መስኮቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ክፍሏ ከመቀዝቀዟ የተነሳ አንዴ ዝንብ ገብታ በአየር ላይ ደርቃ ቀረች፤ እንደ በረዶ ጠጠር ወድቃ የመታችኝ ቦታ እስካሁን ይታመመኛል። ሰርቨሩ ላይ ዳታቤዙ አለ። የትኛው አውቶቡስ ላይ የትኛው ወንበር ለማን እንደተሸጠ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ይህ ዳታቤዝ በቀን አራት አምስት ጊዜ ድንገት ክልትው ይል ነበር። ሲሞት ትኬት ቆራጮቹ በእጅ ይጽፋሉ። ሲነሳ ደግሞ በእጅ የተጻፈውን ስለማያውቅ ያንኑ ወንበር እንደገና ይሸጠዋል። በአንድ ወንበር ሦስት ሰው! አንድ ቀንማ የሾፌሩ ወንበር ሳይቀር ተሸጦ፣ ገዢው ትኬቱን እያውለበለበ «ወንድሜ፣ ቦታዬን ልቀቅልኝ» ብሎ ሾፌሩን ሲሟገት በዓይኔ አይቻለሁ።

ያዳንኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ክፍሏ ውስጥ ተዘግቼ፣ ጢሜ በረዶ ይዞ፣ ጆሮዬን ማሽኑ ደረት ላይ ለጥፌ እያዳመጥኩ፣ ሁለት ሺህ መስመር ጽፌ አዳንኩት። ከዚያ በሩ ላይ «ይህ ማሽን አይጠፋም!» ብዬ በቀይ ቀለም ለጠፍኩ። ለምን አይጠፋም ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ «ልብ ነው የቀየርኩለት፤ አንዴ ካቆመ አይነሳም» እለው ነበር። እውነትም ስድስት ዓመት አልጠፋም፤ ስድስት ዓመትም አልሞተም። እኔም ሐኪሙ ተባልኩ። ታሪኩ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ቀስ እያለ ሦስት ቀን ሆነ። ስድስት ዓመት እኮ ነው፣ ልጅም ቢሆን ያድግ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ተከብሬ በምኖርበት ሰዓት ነው ኮሌጅ የመጣው።

ኮሌጅ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዋርሳዬ ማለት ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አራት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ሲማር ከርሞ ስለመጣ። ማን አስቀጠረው? እኔው! ሚስቴ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለች ጆሮዬን ስትበላኝ፣ ኃላፊዋ ዘንድ ገብቼ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይሞከር» ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ምነው ምላሴ በተሳሰረ።

በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊዋ አስጠራችኝና አንገቴ ላይ የማንጠለጥላትን የሰርቨር ክፍል ቁልፍ አስወልቃ ለእሱ ሰጠችው። «አንተ እኮ ደክመሃል፤ አሁን ወጣት ይሥራ» አለችኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው! ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ፣ አብሮን ነውና የሚኖረው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለችው ወንበሬ ላይ ተሰይሞ አገኘዋለሁ። ሚስቴ ለእሱ ሻይ የምታቀርበው ለእንግዳ በሚወጣው ብርጭቆ ነው። ለእኔ ከንፈሩ በተሸረፈው። እኔ ስለ ሥራ ሳወራ ሰሐን እያጠበች ነው የምትሰማኝ። እሱ ሲያወራ እጇን አድርቃ ትቀመጣለች።

ቅናት ነው፣ አዎ። ስሙን ለመጥራት አላፍርም። ግን በወጉ የሚያስቀና ሰው ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር፤ ቢኮራብኝ፣ ቢያንጓጥጠኝ፣ በልቤ በደንብ አድርጌ እሰድበው ነበር። እሱ እቴ! አንድ ቀን የማውዙን ሆድ በፕላስተር ለጥፌ አፈንኩበት። ማውዙን ቢገፋው፣ ቢያሸው፣ አልሄድ አለው። ገልብጦ አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ ይቺ ጥሩ ናት! እኛም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ እንዲህ እንጫወት ነበር» ብሎ ሻይ ጋበዘኝ። ሊያናድዱት ያሰቡትን ሰው ሻይ መጠጣት እንዴት ጉሮሮ ላይ እንደሚቆም እኔን ጠይቁኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ኃላፊዋ ቢሮ ሦስታችን ተቀምጠን ሳለ፣

«የሰርቨሩ ከርነል አርጅቷል፤ ማሳደግ አለብን» አለ ኮሌጅ።

«ከርነል ደግሞ ምንድነው?» አለች ኃላፊዋ።

«የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል በሉት። ለየትኛው ፕሮግራም ምን ያህል ሚሞሪ እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አልተነካም። ቀዳዳው በዝቷል፤ ማንም ሌባ ሊገባበት ይችላል። አዲሱን ጭነን ማሽኑን አንዴ ሪስታርት ማድረግ ነው።»

«አይጠፋም!» ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። «እሜቴ፣ ይህ ማሽን አንዴ ካቆመ አይነሳም ብዬ ነግሬዎታለሁ!»

ኮሌጅ በትህትና፣ በዚያ በሚያሳርረኝ ትህትናው፣ «ጋሼ፣ ለምንድነው የማይነሳው?» አለኝ።

ምን ልበለው? «ልቡ» አልኩ። ኃላፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁት።

እሁድ ቀን፣ ሰው በሚሳሳበት ሰዓት፣ ማሽኑ ጠፋ። እኔ በሩ ላይ እጄን አጣጥፌ ቆሜ እንዳይነሳ እጸልይ ነበር። በአራት ደቂቃ ተነሳ። ትኬት ቆራጮቹ አጨበጨቡ። ያቺ በድምፅ ማጉያው የአውቶቡስ መነሻ የምትለፍፈው፣ እሜቴ ማይክ የምንላት ሴትዮ ደግሞ ማይኩን ከፍታ ለመላው ግቢ አሰማችልኝ። «ውድ መንገደኞቻችን፣ ማሽናችን ታድሷል! ለአዲሱ ሐኪማችን ምስጋና ይድረሰው!»

አዲሱ ሐኪም። ሰማችሁ? ማጉያዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ነው የወጋችኝ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወረፋው እስከ ውጭ በር ደርሶ ሳለ፣ ዳታቤዙ ሞተ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። አሁን ብነግራችሁ ያሳፍረኛል፣ ግን ጮቤ ረገጥኩ። ኮሌጅ ሮጦ ገብቶ አስነሳው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ሞተ። ስምንት ሰዓት ላይ ደገመ። ያ የጥንቱ ጉድ ተመልሶ መጣ። አሥራ አራት ቁጥር ወንበር ላይ ሁለት ሴቶች ተፋጠጡ፤ አንዷ ትልቅ መስታወት ታቅፋለች።

«እትዬ፣ ይህ የእኔ ነው፤ ማሽን ነው የቆረጠልኝ» አለች አንዷ።

«የእኔን ሰው ነው የቆረጠልኝ! ከሰውና ከማሽን ማን ይበልጣል?»

«አንቺ መጀመሪያ መስታወቱን አውርጂ፣ ራሴን እያየሁ መጣላት አልቻልኩም!»

እኔ በአጠገባቸው እያለፍኩ፣ «አዲሱ ሐኪም ጋ አቤት በሉ፣ በዚያ በኩል ነው ቢሮው» እያልኩ ጠቆምኳቸው። ይህቺን ደግ ሥራ በቀን ለሠላሳ ሰው ያህል ሠርቻታለሁ።

ኮሌጅ ሰኞንም ማክሰኞንም ከስክሪኑ ዓይኑን አልነቀለም። ማክሰኞ ከሰዓት የሻይ ክበቡ ጠረጴዛ ላይ ፊቱ ጠቁሮ አገኘሁት። ልደሰትበት ነው አጠገቡ የተቀመጥኩት።

«ገዳዩ ተገኘ?» አልኩት።

«ገዳዩንማ አወቅኩት፣ ጋሼ። ከርነሉ ራሱ ነው።»

«እንዴት ከርነል ነፍስ ያጠፋል?»

«ይኸውልህ፣ ከርነሉን እንደ ትኬት ቆራጭ አስበው። አውቶቡሱ ሃምሳ ወንበር አለው፤ እሱ ግን ሁሉም አይመጣም ብሎ ሰባ ትኬት ይቆርጣል። ሚሞሪ ማለት ወንበሩ ነው። ፕሮግራሞቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጡበትና ቦታ ሲያጥረው፣ ከተሳፋሪው መሃል በጣም ወፍራሙን መርጦ በመስኮት ይወረውረዋል። የእኛ ወፍራም ዳታቤዙ ነው።»

ጥሩ አድርጎ ገለጸው። ያ ራሱ አናደደኝ። እኔ በስድስት ዓመት እንዲህ ያለች ምሳሌ አንዴ እንኳ አልመጣችልኝም።

«ታዲያ አዲሱን ከርነል አውጥተህ የድሮውን አትመልስም? እሱ እኮ ጨዋ ነበር» አልኩት፣ ነገሩን ለማስፋት ያህል።

«ነገ ጠዋት እሱን ነው የማደርገው።»

ረቡዕ ጠዋት የድሮውን ከርነል መልሶ ማሽኑን አስነሳው። ሁሉም እፎይ አለ። አራት ሰዓት ላይ ዳታቤዙ ሞተ።

ኃላፊዋ እኔንም እሱንም አስጠራችን። ኮሌጅ ገና የሙከራ ጊዜው አላለቀም። «ነገ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ» አለችው። «የተማሪ መዓት ነው የሚመጣብን። ነገ ውሎ ሳይሞት ካመሸ ጥሩ። ከሞተ ግን ቁልፉን ለሐኪሙ መልስና ሌላ ሥራ ፈልግ። ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ ሰው በአንድ ወንበር እየተደባደበ ነው።»

ለሐኪሙ! ስሜ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አንዲት ቀን ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ዝም ማለት ደግሞ ማንን ይከብደዋል?

ከቢሮው ስንወጣ ኮሌጅ ኮሪደሩ ላይ ቆም አለ። ለራሱ ነው የሚያወራው። «ከርነሉ አይደለም። የድሮው ላይም ሞተ። ስለዚህ ገዳዩ ማሳደጉ ሳይሆን ማጥፋቱ ነው። ስናጠፋው አብሮ የጠፋ ነገር አለ… ጋሼ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ስታድነው ምን ነበር ያደረግከው?»

ክው አልኩ።

«ሁለት ሺህ መስመር ነው፣ ማን ያስታውሰዋል?» ብዬው ሄድኩ።

አሁን እውነቱን እናንተ ስሙ። ከሚስቴ በቀር ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ እሷም ግማሹን ነው የምታውቀው።

ሁለት ሺህ መስመር አልነበረም። አንድ መስመር ነበር። እሱንም የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ያን ቀን ዳታቤዙ ሞቶ ወንበሩን የተቀማ አንድ መንገደኛ፣ ባለ ጠቃጠቆ ጃኬት ሰውዬ፣ እኔ የቆምኩበት የትኬት መስኮት ላይ ተደገፈና «ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ስክሪኑን አዞርኩለት። እንደ ቀልድ አየት አድርጎ «ይህችን ጻፍ» ብሎ አንዲት መስመር ፊደል በፊደል አስጻፈኝ። ኦቨርኮሚት የምትል ቃል አለችባት፣ ካለው በላይ መስጠት እንደማለት፤ መጨረሻዋ ላይ ቁጥር። ጻፍኩ። ከዚያ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስበት እየሮጠ፣ ዞሮ «ፋይሉ ላይም ጻፋት! ካልሆነ ማሽኑ ሲጠፋ ትጠፋለች!» ብሎ ጮኸልኝ። ደህና አድርጌ ሰምቼዋለሁ። የትኛው ፋይል እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሮጬ መጠየቅ እችል ነበር፤ አውቶቡሱ ውጭ በሩ ላይ ሁለት ደቂቃ ቆሟል። ግን ትኬት ቆራጮቹ «ዳነ! ዳነ!» እያሉ ከበውኛል። አዳኝ ነኝ እያልኩ በሰው ፊት «የቱ ፋይል ነው?» ብዬ ልሩጥ? እጄን አውለበለብኩለት። ማታውኑ በሩ ላይ «አይጠፋም!» ብዬ ለጠፍኩ። ፋይሉን ካላወቅኩ ማሽኑ አይጥፋ፣ አለቀ።

ረቡዕ ማታ ራት ላይ ኮሌጅ እህል አልነካም። በልጅነቱ የቀለም ትምህርት አልገባው ሲል ያደርግ እንደነበረው ጣቶቹን እየቆጠረ ተቀመጠ። ሚስቴ እሱ ወደ ክፍሉ ሲገባ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ሐኪም አይደለህም እንዴ? ምነው አትረዳው?»

«እሱ የተማረ ነው።»

«ቀንተህበት ነው» አለች፣ እንደ ዋዛ፣ ጨው አቀብለኝ እንደማለት። «ሲያመሰግኑት ፊትህን አይቼዋለሁ እኮ።»

«እኔ? በእሱ?»

«አዎ፣ በእሱ። እሱ ደግሞ ሲያድግ አንተን እመስላለሁ ብሎ ነው ኮምፒውተር የተማረው፤ ጅል።»

ይህን ስትለኝ ማዘን ነበረብኝ። ያሰብኩት ግን ሌላ ነው፤ እኔው ራሴ ነገ አንዲቷን መስመር መልሼ ብጽፋት ማሽኑ በእኔ እጅ ይድናል፤ ልጁም ሥራው ላይ ይቆያል፣ እኔም ስሜን እይዛለሁ። በደግነት የተጠቀለለ ቅናት ነው። ጥቅልሉ ያማረ ስለነበር ለራሴም ደግነት መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ግቢው በተማሪ ጢም አለ። ሻንጣው ከመብዛቱ የተነሳ አንድ አውቶቡስ ሻንጣ ብቻ ይዞ ሊሄድ ሲል ነው የመለስነው። እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ወደ ሰርቨሩ ገባሁ። መስመሯን አስታወስኳት። ቃሏ ኦቨርኮሚት። ቁጥሯ ግን… አንድ ነበረች ወይስ ሁለት? ዓይኔን ጨፍኜ የጃኬቱን ጠቃጠቆ አየሁት፤ የሰውዬውን ጣት አየሁት። አንድ ጣት ነው ያነሳው ወይስ ሁለት? ኮሌጅ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጧል። ልጠይቀው ስል አፌ ከፈት አለ፤ መልሼ ዘጋሁት። አንድ ብዬ ጻፍኩ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ዳታቤዙ ሞተ። ኮሌጅ አስነሳው፤ እንደገና ሞተ። እሜቴ ማይክ «የሦስት ሰዓት ተሳፋሪዎች በአምስተኛው በር…» እያለች ድምፅዋ መሃል ላይ ተቆረጠ፤ የማጉያው ፕሮግራምም አብሮ ተወረወረ። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ በባዶ አፏ ስትጮህ፣ እኔ እላችኋለሁ፣ ሦስት ከተማ አልፎ ያለ አውቶቡስ ቆሞ «አቤት!» ብሏል።

ኮሌጅ አልጮኸም። የማሽኑን ምዝገባ ከፍቶ ወደ ታች እያሸራተተ አነበበ። ለካ ይህ ማሽን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደጻፈ ይመዘግባል! ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን አላውቅም። የልጁ ጣት አንድ መስመር ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ተነስቶ መጣና ወንበሩን ወደ ወንበሬ አስጠግቶ፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ ይቺን ቁጥር ከየት አመጣሃት?» አለኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ውሸት አጥቼ አልነበረም፤ ሦስት ውሸት ተሰልፈው ምላሴ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ግን ወረፋው ይታየኛል። አንዲት ልጅ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። በበሩ በኩል ደግሞ ኃላፊዋ ወደ እኛ ስትመጣ አየኋት፤ እጇን ለቁልፉ ዘርግታ የምትመጣ መሰለኝ። ሦስቱም ውሸቶች ሰልፋቸውን ትተው ሄዱ።

«ባለ ጠቃጠቆ ጃኬት ሰውዬ ነው የነገረኝ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። መስኮቱን፣ መስመሯን፣ «ፋይሉ ላይ ጻፋት» ያለውን፣ ሮጬ ያልጠየቅኩትን። ቁጥሯን እንደረሳኋት ነገርኩት። ቶሎ ቶሎ ነው የነገርኩት፣ የሚያም ጥርስ እንደሚነቀል።

አልተቆጣኝም። ዓይኑ ብልጭ አለ። ጭኔን በጥፊ መታኝና «ኧረ ጋሼ! ይቺ ናታ! ዜሮ ከሆነች ከርነሉ በግምት ትኬት ይቆርጣል። አንድ ከሆነች ለጠየቀ ሁሉ ያለ ልክ ይቆርጣል። ሁለት ከሆነች ግን ባለው ወንበር ልክ ብቻ ቆርጦ ሌላውን ‹የለኝም› ይለዋል። ሁለት ናት የነበረችው!» አለ። በዚያው ፍጥነት ሁለት ብሎ ጻፋት። ከዚያ አንድ ፋይል ከፈተ። ያቺ ስድስት ዓመት የፈራኋት ፋይል እዚያው ነበረች፤ ስትከፈት ሦስት መስመር ነች። መስመሯን ከሥር ጨመራት። ኃላፊዋ አጠገባችን ቆማለች።

«እስከ ሰባት ሰዓት ስጡን» አላት ኮሌጅ። ሰዓቷን አይታ «እስከ ሰባት፤ ከዚያ ወዲያ አይሆንም» አለች።

እስከ ሰባት ሰዓት ዳታቤዙ አንዴም አልሞተም። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ተማሪዎቹ ለምሳ ሳሳ ሲሉ፣ ፋይሏ መያዟን ለማየት ማሽኑን ሆን ብሎ አጠፋው፤ አስነሳው። ቁጥሯ ሁለት ሆና ተገኘች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዲሱን ከርነል መልሶ ጫነው። ውሎ አመሸ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጨረሻው አውቶቡስ ወጣ፤ እያንዳንዱ ወንበር ላይ አንድ አንድ ሰው ብቻ።

ኃላፊዋ መጣች። «ምን ነበር?» አለች።

ኮሌጅ ወደ እኔ ጠቆመ። «ድሮ ጋሼ ያስገባት አንዲት መስመር ነበረች። ስናጠፋው አብራ ጠፍታ ነው። እሱ አስታውሶ ነገረኝ።»

ቃል በቃል እውነት ነው። አንዲት ውሸት የለበትም። እኔ እኮ እውነትን እንዲህ አሳምሮ መናገር አይቼ አላውቅም። እኔን አልጣለኝም፣ ራሱንም አላነሳም፣ ኃላፊዋንም አላታለላት። ሲያደርገው ደግሞ ላብ እንኳ አላላበውም። እኔ ለአንዲት ውሸት እንደዚያ ነው የምደክመው።

«ይኸው! ሐኪሙ ሐኪም ነው!» አለች ኃላፊዋ፣ ትከሻዬን እየመታች። እሜቴ ማይክም ሰማች፤ ማጉያዋ ተመልሶላት ነበርና በአሥራ ሁለቱም ማጉያ አወጀችው። ስሜ ተመለሰልኝ። ቁልፉን ብቻ ኮሌጅ ጋ ተወችው። ስሙ የእኔ፣ ቁልፉ የእሱ። እኔ ግን እየተመሰገንኩ የማየው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለችውን ቁልፍ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ኃላፊዋ አስጠራችኝ። የሰሜኑ መናኸሪያም ከርነሉን አሳድጎ ዳታቤዙ መሞት ጀምሯል። «ሐኪሙን ላኩልን ብለዋል፤ ከነገ ወዲያ ትሄዳለህ» አለችኝ።

«እሜቴ» አልኩ፣ «እውነቱን ልንገርዎት። እኔ የማውቀው አንዲት መስመር ነው። እሷንም ያወቅኩት በመስኮት ነው። ባለ ጠቃጠቆ ጃኬት ሰውዬ ነው ያስጻፈኝ፤ ቁጥሯን እንኳ ረስቼ ባለፈው ሐሙስ ግቢውን ያተራመስኩት እኔ ነኝ።»

ሳቀች። እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። «ጃኬቱ ጠቃጠቆ ነበረው ደግሞ! ያንተን ወሬ የማላውቅ መሰለህ? ሂድ፣ አትፍራ፤ ትችለዋለህ።»

በዕድሜዬ ሙሉ የተናገርኩት ሁሉ ታምኖልኛል፤ በረዶ ሆና የወደቀችው ዝንብ ሳትቀር። አንዴ እውነት ብናገር ወሬ ሆነ። ኮሌጅ ቢናገረው ኖሮ በመጀመሪያው ቃል ታምነው ነበር። እዚያች በር ላይ ቆሜ ቀናሁበት፤ በሚታመን አፉ ቀናሁበት።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቤቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ ዋርሳዬ ላፕቶፑን ከፍቷል። ሊያስተምረኝ ነው። ሚስቴ ሻይ አፍልታ የመጀመሪያውን ብርጭቆ እሱ ፊት አስቀመጠች።

«እኔስ?» አልኳት።

«አስተማሪ ይቅደም» አለች።

ሎግ፣ ያ የማሽኑ ምዝገባ ማለት ነው፣ እንዴት እንደሚነበብ አሳየኝ። ሚሞሪ እንዴት እንደሚለካ አሳየኝ። የምጽፈው ፊደል ያጋደለ ስለሆነ በጣቱ እየተከተለ መልሶ የሚያነብልኝ እሱ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። እኔም ልፈትነው አሰብኩ፤ አንዲት ነገር እንኳ ብትጠፋው ብዬ።

«እንበልና» አልኩት፣ «እዚያ ስሄድ ቁጥሯ ሁለት ሆና ካገኘኋትና ዳታቤዙ ግን አሁንም ከሞተ፣ ምንድነው ነገሩ?»

ኮሌጅ እጁን ከላፕቶፑ አነሳ። ጣሪያውን አየ። ትንሽ አሰበ።

«አላውቅም» አለ። ሻዩን አንስቶ ፉት አለ። «ደውልልኝና አብረን እናየዋለን።»

ሚስቴ ቀና ብላ አየችው፤ እንደዚያ ነው የምታየው፣ የሕፃን የመጀመሪያ ጥርስ እንደሚታይ። እኔም እያየሁት ነበር። አላውቅም ብሎ ሻዩን ጠጣ! ፊቱ አልቀላም፣ ድምፁ አልተሰበረም፣ ጣሪያውም አልተደረመሰም። እኔ ያቺን ቃል በአርባ አራት ዓመት አንዴ እንኳ ላለማውጣት ስል ስድስት ዓመት የሚኖር ማስጠንቀቂያ በር ላይ የለጠፍኩ ሰው ነኝ።

እሱ ካለው ሁሉ፣ ከዲፕሎማውም፣ ከቁልፉም፣ ከእንግዳ ብርጭቆውም፣ ያቺን ቃል እንዲያ አቅልሎ መናገሩን ነው የተመኘሁበት። ደብተሬ ላይ ለሰሜኑ መናኸሪያ ሰዎች የምላቸውን እየጻፍኩ ነበር፤ አዲስ መስመር ጀምሬ ቃሏን ቀስ ብዬ፣ እሱ እንዳያይ በክንዴ ከልዬ፣ ጻፍኳት።

«ጋሼ፣ ምን እየጻፍክ ነው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።